በጠራራ ፀሐይ ና

ውድ ባለቤቴ አስማረ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር፣ መልክትህን ያመጣው የጨው ነጋዴ ደህና እንደሆንክ፣ እንዲያውም እስቴ የአጎትህ ቤት እንደተስማማህ ነግሮኛል። እንኳን ተስማማህ። እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ሰላምታዬ ይህ ነው፤ የቀረው ንዴት ነው።

ይህን የሚጽፉልኝ የቤተ ልሔሙ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው። «ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ አይጀመርም» ብለው ብዕራቸውን አስቀምጠው ነበር። እርስዎ የምልዎትን ብቻ ይጻፉልኝ፣ ስለ ማማሩ የሚጠይቀኝ የለም ብዬ ለምኛቸው ነው የቀጠሉት። ደብዳቤውን ለሚያነብልህ ሰውም አደራ አለኝ። በጆሮህ አያንሾካሹክልህ። ከቅዳሴ መልስ አጎትህም ጎረቤቱም እየሰማ ጮክ ብሎ ያንብበው። እኛ የምንደብቀው ነገር የለንም፤ እስከ ዛሬም የጎዳን መደበቁ ነው።

«ወናፉንና ብረት የምመታበትን መስፍ ሽጠሽ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ ጋይንት ከእንግዲህ አገራችን አይደለም» ብለህ ላክህብኝ። አልመጣም። አልሸጥምም። ይልቅ አንተ ተመለስ። እስከ ግንቦት ልደታ ካልተመለስክ ጭቃ ሹም አጥናፉ ቤታችንንና የብረት መሥሪያውን ቦታ ቀምተው ከስማዳ ለሚያስመጡት ሌላ ቀጥቃጭ እንደሚሰጡ በአደባባይ ተናግረዋል። የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

ለምን አልመጣም? አባትህ ከስማዳ ለምን እንደተነሱ ረሳኸው? የአንድ ባላገር ላም ወተቷ ደረቀና «የቀጥቃጩ ዓይን ነው» ተባለ፤ እሳቸውም ሕፃን አንተን አዝለው ጋይንት ገቡ። የእሳቸውም አባት ከሌላ አገር እንዲሁ ተሰደው ነው ስማዳ የደረሱት። አሁን ተራው ያንተ ሆነና እስቴ ገባህ። እስቴ ልጅ አያተኩሰውም? እስቴ ላም አትነጥፍም? አንድ ቀን የአንዱ ሕፃን ይታመማል፣ ያንተም ስም ይነሣል። ያኔስ ወዴት ልንሄድ ነው? ለልጆቻችን መሬት አንሰጣቸውም፣ ርስት የለንም፤ ቢያንስ ሽሽት አናውርሳቸው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና አንተ የምታውቀውንም ቢሆን እዚያ ለሚሰሙት ስል ከመጀመሪያው ልናገረው።

የጭቃ ሹም አጥናፉ ልጅ ተዋበች፣ ገና ጥርሷን የምትቀይር ልጅ፣ ትኩሳት ጣላት። መለፍለፍ ስትጀምር «ቡዳ በልቷታል» አሉ። እንደ አገሩ ደንብ በጢስ አፈኗትና «ማነህ? ከየት ያዝካት? ተናገር» እያሉ ጠየቁ። ልጅቷ «አስማረ» አለች። ደጋግማ «አስማረ፣ አስማረ» አለች። ብረት የሚመታ ሰው ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሲመሽም ጅብ ይሆናል ተብሎ በሚታመንበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ የጎረቤታችንን የጓዴን ማረሻ እሳት ውስጥ ከተህ ነበር። ጉጠቱን ጥለህ ተነሣህ። «በር ላይ ቁምና ጠብቃቸው» አልኩህ። «ይገድሉኛል» አልክ። ልክ ነህ፣ ሊገድሉህ ይችሉ ነበር። ፀሐይዋ ስትጠልቅ በገደሉ በኩል ወረድክ።

እኔ የተናደድኩት ስለ ሸሸህ አይደለም። በጨለማ ስለ ሸሸህ ነው። ሌላ ሰው ነገር ሲመጣበት ጨለማ ይሰውረዋል፤ ቀጥቃጭን ግን ጨለማ ያጋልጠዋል። ይህን ከእናትህ ጡት ጋር ጠብተኸዋል፣ የዚያን ዕለት ግን ፍርሃት አስረሳህ።

ሲነጋ በአጥራችን ሥር የጅብ ዱካ ተገኘ። ጅብ መቼ ቀርቶ ያውቃል? ከታች የሞተ አህያ ከተጣለ ጀምሮ በየቀኑ ያልፋል። ሰዉ ግን ዱካውን ከቦ ቆሞ፣ አንዱ በበትሩ እየለካ «አዎ፣ የእሱ እርምጃ ነው» ይላል። እኔም አልቻልኩም። «ጅብ ሆኖ ከሄደ አንድ አቁማዳ በሶ ለምን አስቋጠረኝ? ጅብ በሶ በጥብጦ ሲጠጣ ያየ አለ?» አልኳቸው። ጓዴ ሳቀ። ጓዴ ማለት ከወንዙ ማዶ የሚያርሰው ጎረቤታችን፣ ያ ማረሻው እሳት ውስጥ የቀረበት ሰው ነው። ሌላ ማንም አልሳቀም።

አንተን ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ። «ባልየው ከጠፋ ሚስቲቱ ትምጣና ልጅቷ ላይ ትትፋባት። የቡዳ ምራቅ የያዘውን ያስለቅቃል» ተባለ። ዱላ የያዙ ወንዶች በራችን ላይ ቆሙ። ልጆቹን ጓዳ አስገብቼ ወጣሁ።

እስቲ አስበው አስማረ። ብተፋና ልጅቷ ብትድን «ይኸው፣ የበሏት እነሱ ለመሆናቸው ራሷ መሰከረች» ይሉናል። አልተፋም ብዬ ብትሞት «ጨክና ገደለቻት» ይሉናል። ብተፋና ብትሞትም ያው ነው፤ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል። ከቤታችን እስከ ጭቃ ሹሙ ግቢ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ሄድኩ። መንገዱ እንዲያ አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቤቱ በሰው ታጭቋል። እኒሁ መሪጌታም ለልጅቷ ጸሎት ሊደግሙ ተጠርተው እዚያ ነበሩ። እኔን ሲያዩ ተነሥተው «ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ ሠራተኛ አትስደቡ ተብሎ በምኒልክ ዘመን አዋጅ ተነግሯል» አሉ። ጭቃ ሹም «አዋጁን ሰምተናል መሪጌታ፤ ልጄ ግን እየሞተችብኝ ነው» አሏቸው። መሪጌታም ተቀመጡ። አሁን ይህን ሲጽፉ ፊታቸው ተለዋውጧል። ይጻፉት ግድ የለም አልኳቸው፤ ያንኑ ያህል እንኳ የተናገረ ሌላ አልነበረም።

ተዋበች አጎዛ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ይገለጣል እንጂ አያይም። እናቷ እሜቴ ባንቺዓለም ራስጌዋ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩኝም። ልጅቷ የእኛዋን ታክላለች።

«እተፋለሁ» አልኩ።

ወደ አጎዛው መንገድ ለቀቁልኝ።

«ብቻዬን ግን አልተፋም። እዚህ ቤት ያለ ሁሉ ይተፋል፤ ከአባቷ ይጀመር። የበላት ማን እንደሆነ እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም። ቡዳ በዓይኑ ነው የሚበላ ብላችሁ የለም? ከመካከላችሁ ዓይን የሌለው ካለ እሱ ብቻ ይቅር።»

ጭቃ ሹም ብድግ አሉ። «እኔ? የወለድኳትን ልጅ እኔ በላሁ ነው የምትይኝ?»

«አልበሏትም ጌታዬ። እኔም አልበላኋትም። እንግዲያው ሁለታችንም ብንተፋ ምን እንጎዳለን?»

ዱላቸውን ጨበጡ። ከኋላዬ አንዱ «ምላሷን እዩልኝማ፣ ይቺን ነው መጀመሪያ በእሳት» አለ፤ ሌላውም ወደ በሩ ተጠግቶ ቆመ። መውጫ እንደሌለኝ አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሰዓት አንተን ረገምኩህ። እስቴ መንገድ ላይ በሶህን እየጠጣህ ይሆናል ብዬ ረገምኩህ።

ያን ጊዜ እሜቴ ባንቺዓለም ተነሡ። ማንንም ሳያዩ ጎንበስ ብለው በልጃቸው ግንባር ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» አሉ። ቀና ሲሉ «ተራ ግቡ» አሉ። «ልጄ የምትድን ከሆነ ውሻ ቢተፋባት ግዴ አይደለም። ተራ ግቡ ብያለሁ።»

ባላቸው ቆመው ቆመው፣ በመጨረሻ ተፉ። ከአባት በኋላ ማን እምቢ ይላል? የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ተፉ፣ መሪጌታ ተፉ፣ በሩ ላይ የቆመውም ሰው ተፋ። እኔ ከጓዴና ከአንዲት መነኩሲት መካከል ገብቼ ተፋሁ። አንድ ሽማግሌ አፋቸው ደርቆ ውሃ ለምነው ተጉመጥምጠው ነው የተፉት። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ሰዉ ሲበተን እሜቴ እጄን ያዙኝ። «ያመማት ዕለት ወደ አስማረ የላክኋት እኔ ነበርኩ» አሉኝ በለሆሳስ። «አስማረን፣ የአባቴ ማረሻ ደረሰ ወይ በዪው ብዬ። መንገድ ላይ አተኩሷት ሳትደርስ ተመለሰች። የተላከችበትን ነው የምትደጋግመው።»

«ታዲያ እሜቴ፣ ለምን ዝም አሉ?»

ባላቸው የቆሙበትን አየት አደረጉና እጄን ለቀቁኝ። እኔም አልደገምኳቸውም። ሴት ነኝ፣ ይገባኛል።

ተዋበች ከቀናት በኋላ ላብ አጠመቃትና ትኩሳቱ ለቀቃት። ዳነች። ከልቤ ደስ አለኝ፣ ደጄ ላይ ቆሜ ዕልል አልኩ። ከዚያስ ምን ቢባል ጥሩ ነው? «ቡዳው አገር ለቆ ስለሄደ ዳነች» ተባለ። የሁሉም ምራቅ ተረሳ፣ የጅቡ ዱካ ግን የሚረሳው ጠፋ። ይኸው ነው እንግዲህ የገባንበት። እስቴ ተቀምጠህ በዋልክ ቁጥር እነሱ ልክ እየሆኑ ይሄዳሉ። ማሰሮና ጀበናዬን የሚገዛኝ ጠፍቶ የሠራሁት ሸክላ ሁሉ ቤት ተደርድሯል። ልጆቹ ውሃ ሲወርዱ እናቶች የራሳቸውን ልጆች ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ትልቁ «እማዬ፣ እኛ ምን እናደርጋቸዋለን?» ብሎ ጠይቆኛል። ተቆጣሁት።

እርሻ ግን ሐሜት አይሰማም። ሚያዝያ ሲገባ ዝናቡ ጣል ጣል አለ፣ ሁሉም በሬውን ጠመደ፣ ማረሻውም ይደንዝ ጀመር። አርብ ገበያ ወስዶ ለማሾል ቀኑ ይባክናል፣ በሬ ፈትቶ መዋል ነው። አንድ ምሽት አንዱ በጓሯችን በኩል መጣ፤ ማረሻውን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ግራና ቀኝ እያየ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ በራችን ላይ ዱላ ይዘው ከቆሙት አንዱ ነው። «አስማረ ሠርቶ ያስቀመጠው አይጠፋም ብዬ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ቀን ቀጥቃጩን ያሳድዳሉ፣ ሲመሽ ማረሻ ይዘው ይመጣሉ።

«ነገ በዋናው መንገድ፣ ማረሻህን ገልጠህ፣ ሰው እያየህ ከመጣህ ይሠራልሃል» አልኩት።

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ» አልኩት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣ።

እኔ ሥራዬ ሸክላ ነው፤ ከዚያ ካለፈም ወናፍ መንፋት። ሴት መዶሻ አንሥታ ማረሻ ስትመታ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ግን ከተጋባን ጀምሮ አጠገብህ ስቀመጥ ዓይኔ ተጨፍኖ አልነበረም። ብረቱ ምን ሲመስል ከእሳት እንደሚወጣ፣ መቼ ውሃ እንደሚነከር አውቃለሁ። የማላውቀው ክንዴን ነበር።

ያ ሰውዬ ቀረ። የመጣው ጓዴ ነው። ያንን አንተ እሳት ውስጥ የተውከውን ማረሻ ለማስጨረስ በጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ፊት አልፎ መጣ። ደንባችን እንደሆነው ባለ ማረሻው ወናፉን ነፋ፣ እኔ መታሁ። ክንዴ ተገነጠለ። ያም ሆኖ ጠማማ ወጣ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ጓዴ አገላበጠና አየው፣ አየውና «መሬቱም ጠማማ ነው» ብሎ ትከሻው ላይ አጋድሞት ሄደ። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ፣ ደግሞ ሌላ። በጋቢ የጠቀለለውን ሁሉ «ገልጠህ ተመለስ» እላለሁ። አንዳንዱ እየሰደበኝ ይሄዳል፤ ማረሻው ግን ይመልሰዋል።

አንድ ማክሰኞ እሜቴ ባንቺዓለም የባላቸውን ማረሻ በራሳቸው ተሸክመው መጡ። ምንም አላለበሱትም። ጭቃ ሹም «ከዚያ ቤት ብረት አላስነካም» ብለው በሬዎቻቸው ሥራ ፈትተው ነበር። እሜቴ ነጠላቸውን አገልድመው ወናፉ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«እሜቴ፣ ይህማ ለእርስዎ አይሆንም፤ ሰው ልጥራ» አልኳቸው።

«ባለ ማረሻው ይነፋል አይደል ደንባችሁ? እንዴት እንደሚያዝ አሳዪኝ።»

አሳየኋቸው። የጭቃ ሹም ሚስት እስኪያልባቸው ነፉ፣ ፊታቸው ጥላሸት ለበሰ። ጨርሰን ውሃ ስሰጣቸው ከእኔ ዋንጫ ጠጡ። ይህን ልብ በል፤ ከቀጥቃጭ ቤት ዋንጫ ጠጡ። ቤታቸው ምን እንደጠበቃቸው አላየሁም። በማግስቱ ግን ግራ ጉንጫቸው አብጦ ነበር፣ ማረሻውም ከእርፉ ጋር ተዋድዶ ሲያርስ አየሁት።

ከዚያ ነገሩ ፈነዳ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ጭቃ ሹም «ሴት ብረት የምትመታበት አገር በረዶ ይወርድበታል። ወይ ባሏ ይምጣ፣ ወይ ትነሣና ሌላ ቀጥቃጭ ይግባበት» አሉ። ብዙው ራሱን ነቀነቀ። በረዶ የሚለውን ሲሰማ የማይደነግጥ ገበሬ የለም። ያን ጊዜ ጓዴ ተነሣ።

«አስማረ ይምጣና በሰው ፊት ይቁም» አለ። «ልጅቷም ትቅረብና ዓይን ለዓይን ትየው። ምንም ካልሆነች ቡዳ ብሎ የሚሰድበው ሰው ለአገሩ ይካስ። አንድ ነገር ከሆነች ግን እኔው አስወጣዋለሁ።»

«ለመምጣቱ ዋሱ ማነው?» አሉት።

«እኔ።»

«በምን?»

«በበሬዬ» አለ ጓዴ።

አስማረ፣ የዚህን ሰው ሁለት በሬ ታውቃቸዋለህ። ካንተ ሥጋም አጥንትም የለውም። ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ሆና ነጠላዋን ስትነክስ አይቻታለሁ፤ ክፉ ግን አልተናገረችም። ቀኑም ግንቦት ልደታ ሆነ።

እንግዲህ የምልህን በደንብ ስማ። ከልደታ በፊት ባለችው አርብ ና። በወረድክበት ገደል እንዳትመጣ። ወደ አርብ ገበያ ግባ፣ ገበያው ጢም ብሎ ሲሞላ። የምታውቀውን ሁሉ በስሙ እየጠራህ ሰላም በል። መንገድ ላይ ከመሸብህ አንዲት እርምጃ አትራመድ። ያገኘኸውን ደጅ አንኳኳና «የእግዜር እንግዳ» በል፤ ያሳደረህ ሰው ሌሊቱን የት እንደነበርክ ይመሰክርልሃል። ገበያው ላይ እኔና ጓዴ ቆመን እንጠብቅሃለን። ከዚያ ሦስታችንም አብረን፣ በመንደሩ መሐል እናልፋለን።

ምንም አትሆንም ብዬ አልምልልህም። ድንጋይ የሚያነሣ ይኖራል። ተዋበችም ስታይህ ልትጮህ ትችላለች፤ ልጅ ናት፣ በስምህ ሲያስፈራሯት ነው የከረሙት። ከጮኸች ቤታችን ይወሰዳል፣ ምናልባትም አንተ ራስህ ታልቃለህ። ይህን ደብቄህ ብትመጣ ከዚያ በኋላ ፊትህን ማየት አልችልም። ካልመጣህ ደግሞ የጓዴ በሬ ይወሰዳል፤ ያባረረንም ጭቃ ሹም አይደለም፣ አንተ ነህ።

መሪጌታ «አይዞህ፣ አትፍራ ብለሽ ዝጊው» ይሉኛል። እኔ ግን አትፍራ አልልህም። እኔም ማታ ማታ ውሻ ሲጮህ ልጆቹን አቅፌ ነው የማድረው። ፍርሃት የሚጣል ነገር ቢሆን ኖሮ ድሮ በጣልኩት። አንተም አትጣለው፣ ይዘኸው ና። እየፈራህ ና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየህ።

ታች ጋይንት፣
ሚስትህ ይታይሽ፣
አንተ እስክትመጣ የአገሩ ቀጥቃጭ